ክዳኑን ዘግቼው ነበር

ቁስቋም፣ ጎንደር
የካቲት ፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለሐረገወይን ሰውአገኝ
ሐዋሳ

የናትሽን መልክ የያዝሽ ልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ ጀሪካኑን ግማሽ ነው የምሞላው፣ ሙሉው አቅቶኝ ሳይሆን ስለማያስፈልገኝ። እናትሽ ምንዳዬ ካረፈች ወዲህ ማንም ቤቴ ገብቶ ድስት አጥቦልኝ አያውቅም። ይኼንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማርኳት ፊደል ዛሬም አልከዳችኝም። መስመሩ ከተንጋደደ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።

ስልክ እያለ ምነው ወረቀት ትይኝ ይሆናል። ወረቀት አጥፈው ፖስታ ውስጥ ሲከቱት ዝም ይላል። የላክሽልኝ ላፕቶፕ ግን ተዘግቶም ዝም አይልም። አንቺ ይኼን ታውቂዋለሽ፤ ሳላውቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ገና በዋለ በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ አሳተኝና ወደቅሁ። ያነሳኝ ዐብዱልከሪም ነው፤ ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ጣቃ ሥር እየተሸሸግሽ ያደግሽበት ዐብዱልከሪም። ግራ ዓይኔ ከፈዘዘ ወዲህ፣ ካወቅሽው አልደብቅሽም፣ እሑድ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የሚያደርሰኝ እሱ ነው። እኔ ሳስቀድስ ከውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ሲያልቅ ይዞኝ ይወርዳል። ሰው ዛሬም ቅዳሴ አመለጠህ ወይ እያለ ሲቀልድበት፣ ሰውአገኝ የኔንም ድርሻ ይጸልያል፣ እኔ ጫማ ጠባቂ ነኝ ይላል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንቺ በላፕቶፑ ምስል መጣሽ። ዐብዱልከሪም መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አላየሽውም። ደህና ነኝ አልኩሽ። ተሳሳቅን፣ መረቅሁሽ፣ ክዳኑን ዘጋሁት። እኔ እንደማውቀው በር ከተዘጋ እንግዳው ሄዷል። ከዚያ ነው ስለ ጉልበቴም ስለ ዓይኔም ያወራነው። ለማንም እንዳይናገር፣ ከሁሉ ይልቅ ላንቺ እንዳይናገር፣ ቃል አስገባሁት።

ማክሰኞ ደወልሽ። መውደቄን፣ ዓይኔን፣ ጉልበቴን በምን እንዳሸሁት እንኳ ሳይቀር ዘረዘርሽልኝ። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ቤቱም ይከራያል አልሽ። ማን ነገረሽ ብዬ ብጠይቅሽ፣ “ሰው ነገረኝ” አልሽኝ። ምነው ልጄ? ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ መሆኑን በገዛ ጆሮሽ ሰምተሽ የለ?

ዱላዬን ይዤ ጨርቅ ቤቱ ሄድኩ። ገበያተኛ ሞልቶ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ የመጋረጃ ጨርቅ ታስለካለች። በሩ ላይ ቆሜ ወሬ አመላላሽ አልኩት። ምስጢሬን ለልጄ አሳልፈህ ሰጠህ፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት። እሱ ሜትሩን ከእጁ ሳያስቀምጥ ቀና ብሎ አየኝ።

“ወላሂ አልነገርኩም፣ ሰውአገኝ። ካላመንከኝ ደህና ዋል” አለኝ። ወደ ሴትዮዋ ዞሮም ስንት ሜትር እንደምትፈልግ ጠየቃት።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ ብቻዬን ነው የምወጣው። በደንብ እወጣለሁ። ግድግዳ እየያዝኩ ነው፣ ግን በደንብ እወጣለሁ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። እንደ ተራ ዕቃ አልያዝኩትም፤ የአባቴ ዳዊት በነበረበት የቆዳ ማኅደር ከትቼ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው። ባለፈው እሑድ ካንቺ ጋር ተጨዋውተን እንደ ልማዴ ዘግቼ ሰቀልኩት። ጥቂት ቆይቶ ማኅደሩ ያጉረመርማል። ብዳስሰው ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል። በማግስቱ ተሸክሜ ፒያሳ ወረድኩ፤ ፀደይ የምትባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ አለች።

ሲዘጋ ካልተኛ ወይ ትእዛዙ ተበላሽቷል፣ ወይ መዘጋቱን የሚያውቀው ነገር ሞቷል አለች። ትእዛዙን አየችው፤ ደህና ነው፣ ሲዘጋ ተኛ ይላል። አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው ነው። ከዚያ ትንሽ ማግኔት አውጥታ በጠርዙ ላይ አዞረች። ደህና ቢሆን ማግኔቱ ሲቀርበው ክዳኑ የተዘጋ መስሎት ይተኛ ነበር አለች። አልተኛም።

“አያ፣ ይኼ መዘጋቱን አያውቅም። ነቅቶ ነው የሚውለው፤ ማኅደር ውስጥ ሲከቱትማ መተንፈሻ አጥቶ ይግላል” አለችኝ። ጥሪም ቢሆን፣ እኔ ቀዩን ካልተጫንኩ ወይ በወዲያ በኩል ያለው ሰው ካልዘጋው አይቋረጥም አለች።

እየቀለድሽብኝ ነው አልኳት። ከስልኳ ላፕቶፑ ላይ ደወለች፣ አነሳችው፣ ክዳኑን ዘጋችው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ላከችኝ። መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ከተዘጋው ዕቃ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ፤ አያ፣ ይዘው እንዳይሄዱ፣ ስልኩ የኔ ነው ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዐብዱልከሪም እውነቱን እንደነበር የገባኝ እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ነው።

ለዚህ አሮጌ ዕቃ መለዋወጫ አይገኝም ብላ፣ ማጥፊያውን ስጫነው እንዲተኛ አድርጋልኛለች። ከእንግዲህ ቀዩን እጫናለሁ፣ ማጥፊያውን እጫናለሁ፣ ማጉረምረሙን ማቆሙን በጆሮዬ ሰምቼ ነው የምዘጋው።

መስማትሽ አይደለም ያናደደኝ። ጆሮ ያለው ይሰማል። ግን “አባ፣ አልተዘጋም” ብትይ ምን ነበረበት? ያም ቢቀር፣ ማን ነገረሽ ስልሽ፣ እኔው ራሴ ሰማሁ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንቺ እኔ እንዳላፍር ብለሽ ደበቅሽ፤ እኔ ዕድሜ ልኩን ያልዋሸኝን ሰው በገበያተኛ ፊት አዋረድኩት። እናትሽ ያረፈች ዕለት የመግነዟን ጨርቅ ከሱቁ ያወጣ ማን ነበር? ዋጋ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ያውቃል?

እኔ ቂም አልይዝብሽም። የቁስቋም እመቤት አንቺንም ባልሽንም ልጆችሽንም ትጠብቅልኝ፤ ጆሮሽንም ሸጋ ወሬ ታሰማው። ለመጠየቅ ከሆነ ነይ፣ ቤትሽ ነው። ለመውሰድ ከሆነ ግን ዕዳ አለብኝ፣ እሱን ሳልጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም። ማንም እንዳይከፍልልኝ ልንገርሽ። ፀደይ ዘንድ ስገባ፣ ሴት ልጅ ስለ ማሽን ምን ታውቃለች ብያት ነበር፤ ተመልሼ ቃሌን አነሳለሁ። የናትሽ መቃብር ዙሪያ ካቡ ፈርሷል፤ እኔው ቀስ እያልኩ እክበዋለሁ። ላንቺም ደህና ነኝ ብዬ ዋሽቼሻለሁና አንድ እውነት አለብኝ፦ ቀኝ ዓይኔም መድከም ጀምሯል። ይኼው ከፈልኩሽ። የቀረው የዐብዱልከሪም ነው። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ እሄዳለሁ። በጓሮ አልገባም፤ የሰደብኩት በር ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። አንቺ እንዳትደውይለት፣ ሽማግሌም እንዳትልኪብኝ። ይቅር ካለኝ እሰየው። ካላለኝም በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው በር ላይ ያገኘኛል።

አባትሽ
ሰውአገኝ ቢያዝን