የአባትሽ ባዶ ካሜራ

የኔ ሆድ፣ በሄድሽበት የሰው መውደድ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እንዴት ነሽልኝ? በደንብ ትበያለሽ? በስልክ ድምፅሽ ቀጥኖብኛል።

እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ግን ሰላም የለውም። የሲኒማ ቤቱ ሰዎች፣ አባትሽ ዘጋቢ ፊልም ባገራችን ገና ሲጀመር የሠራቸውን አጫጭር ፊልሞች ለሕዝብ እናሳይ ብለውት ሳሎኑን በጥቅል ፊልም ሞላው። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። የጡብ ሠራተኞቹን አየን፣ ድልድዩን አየን፣ ልብስ ሰፊዎቹን አየን። እሱ የሚፈልገው ግን አንቺ ከቤት የሄድሽበትን ቀን ያነሳበትን ጥቅል ነው። ቁጭ ብድግ ሲል ናላዬን አዞረው።

አሠራሩን ታውቂያለሽ። ሰው ካሜራ ሲያይ ስለሚገተር፣ መጀመሪያ ፊልም ሳያስገባ ባዶውን ያስጮኸዋል። ፊልሙን የሚያስገባው ሰዉ ካሜራውን ሲረሳው ነው። ያን ቀን አንቺ በሩ ላይ ፀጉርሽን ስታስተካክዪ፣ ለካሜራው ፈገግ ስትዪ፣ እሱም ካሜራውን እስክትረሺው ባዶውን ሲያስጮህ መኪናው መጣና ሄድሽ። ይሄ ትዝ ያለው ትናንት ነው፤ የመጨረሻው ጥቅል አልቆ ግድግዳው ነጭ ሲሆን። «ለካ ልጄን አላነሳኋትም!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል።

እባክሽ በስልክ ይህን እንዳታነሺበት። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፣ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስትመጪ በሩ ላይ ቆመሽ ፀጉርሽን አታስተካክዪ፤ አባትሽ ዛሬ ጠዋት ፊልሙን አስገብቶ ጨርሷል።

እናትሽ