ስንዝር የጎደለው ብርድ ልብስ

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስደውልልህ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለህ ሳትሰማኝ ስለምትዘጋው ጻፍኩልህ። አብዲሳ ደብዳቤውን ሊያደርስልህ ሞተሩን አስነስቶ ሱቄ ደጃፍ ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቷል። ይጠብቅ። ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነብልህ አትስጥ፤ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ስለ ብርድ ልብሱ ነው።

እማዬ ካረፈች በኋላ «ቤቱ ሰፋኝ» ብለህ ሬኮ ቡና ማጠቢያው ጋ ዘበኛ ሆነህ ስትሄድ፣ ለአንድ የለቀማ ወቅት ብቻ ነው ብለኸን ነበር። ይኸው ሦስተኛው ነው። ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ላስቲክ ለብሶ ያድራል፤ አንተ ከአልጋው ሥር ማዳበሪያ አንጥፈህ ትተኛለህ። አምና ጉሮሮህ ላይ የነበረው ሳል ዘንድሮ ደረትህ ገብቷል። እኔ ለመንኩህ፣ እህቴ ማንጠግቦሽ ለመነችህ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ላክንብህ። «ብርዱ ነው እንጂ ደህና ነኝ፤ ወፈር ያለ ነገር ላኩልኝ» አልክ።

ያኔ የሳሮን ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ። ሳሮን እዚህ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ እየወጡ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። የተቀደደባትን የካምፕ ብርድ ልብስ እንድጠግንላት ስታመጣ ሆዱን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ላይና ታቹ ንፋስ የማያስገባ ስስ ጨርቅ ነው፤ መሀሉ ፋይበር፣ ፋይበሩ እንዳይሸሽ አግድም አግድም የተሰፋ፣ እግር በኩል እንደ ከረጢት የተዘጋ። ፓራሹት ጨርቅና የትራስ ፋይበር ገዛሁና ሂሳብ ውስጥ ገባሁ።

ልክህን ያገኘሁት ከድሮ ደብተሬ ነው። ለመዘምራኑ ጋውን የሰፋሁ ጊዜ የጻፍኩት አለ፤ «አባዬ፣ ከማጅራት እስከ ተረከዝ 150»። የሜትሩን ጫፍ ተረከዝህ ላይ የያዘችልኝ እማዬ ነበረች። «ቀጥ በል እንጂ አንተ ሰውዬ» እያለች ስታስቅህ ሜትሩ አልረጋ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ለካሁህ። ለጭንቅላትህ 28 ጨመርኩ፣ 178 መጣ። ለእግር ኪሱና አንገት ላይ ለሚታጠፈው 22፤ ሁለት ሜትር ሞላ። በትንሽ ቁራጭ ሞክሬ ሳየው ደግሞ ፋይበሩ ሲገባበት ጨርቁ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሴንቲ ይበላል። አሥር መስመር ስለሆነ አሥር ሴንቲ ያዝኩለት። ለስፌት ትርፍ አራት። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። ወርዱ አላስቸገረኝም፤ ጨርቁ ሜትር ተኩል ነው፣ ትከሻህ ጋ እንዳለ ትቼ እግር በኩል አጠበብኩት።

ሂሳቡ ትክክል ነበር አባዬ። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ጠመኔውን አስምሬ መቀስ ላነሳ ስል ማንጠግቦሽ ሱቅ መጣች። ጨርቁን ዳሰስ አደረገችና፣ «ሥሪለት» አለችኝ፣ «ሙቀት ካገኘ ምን ብሎ ይመጣል? እዚያው ይቀራል እንጂ።» ይህን ብላ ወጣች። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ሆነ ሥራዬ። የደንበኛ ቀሚስ ጀመርኩ፣ እጅጌውን ገልብጬ ሰፍቼ ተረተርኩት። መቀሱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ብሰፋልህ እዚያው ላስቀምጥህ ነው፤ ባልሰፋልህ ብርዱ ሊጨርስህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ስል ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሁለት ሜትር ከአሥራ አራቱ ላይ አንድ ስንዝር ቀንሼ ቆረጥኩት።

ተሳስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው። እግርህን ስትዘረጋ ትከሻህ እንዲገለጥ፣ ትከሻህን ስትሸፍን ጉልበትህ እንዲታጠፍ ብዬ። «ይህን ያህል ዘመን ሰፍታ ልክ እንኳ አታውቅም» ብለህ ልትቆጣኝ ቤት ድረስ እንድትመጣ። ቁጣህ ናፍቆኝ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ተንኮል ሠርቼብህ አላውቅም።

ብርድ ልብሱን ለአብዲሳ ሰጥቼ ከላክሁልህ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ጨርቅ ሳላስገባ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስመታ ጎረቤቶቼ እየሳቁብኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት አብዲሳ ዕቃ ሊጭን ዲላ መጣና መልእክትህን ነገረኝ። «ልክክ አለልኝ በላት። ከእግሬ እስከ ጆሮዬ ሸፈነኝ፣ እንዲያውም ተረፈኝ። ሳታየኝ ልኬን እንዴት አወቀችው?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ላለማስከፋት ዋሽተኸኝ ነው አልኩ፤ እማዬ ወጡ ላይ ጨው ስታበዛም አንተ «እንዴት ይጣፍጣል» ትል ነበርና። አብዲሳን ግን አልለቀቅሁትም።

«ለብሶት አይተኸዋል?»

«አየሁ እንጂ፣ ፊቴ ነው የገቡበት። እውነታቸውን ነው፣ ተርፏቸዋል።»

«አጭር ነው እኮ አብዲሳ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«እሳቸውስ አሁን የት አሉና?» አለኝ። «ፊት በቁመት ይበልጡኝ ነበር። ዛሬ ጎብጠዋል፤ ቆመን ስናወራ እኩል ነን።»

አብዲሳ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይደርስለት አብዲሳ።

ደብተሬን እንደገና ከፈትኩ። ሦስት ጊዜ የደመርኩት ለካ እማዬ ተረከዙን የያዘችለትን ሰውዬ ነበር። በተንኮል ያሳጠርኩት ልክህ ሆኖ ተገኘ። ያ ስንዝር ከቁመትህ ላይ ሲሄድ እኔ እዚህ የሰው ቀሚስ እለካ ነበር። ይቅር በለኝ አባዬ። የቆረጥኩት ቁራጭ አሁን ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ልጥለውም አልቻልኩም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከ ጨለለቅቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ከአብዲሳ ጀርባ። ልመናውን ትቼዋለሁ፤ ሜትሬን ነው የምይዘው። ተረከዝህ ላይ የሚይዝልኝ ስለሌለ ጫፉን ራስህ ትረግጥልኛለህ። የማገኘውን ቁጥር ከ150 ሥር እጽፍና ደብተሩን አሳይሃለሁ። አይተኸው አብረን ከተመለስን እሰየው። አይተኸውም እቀራለሁ ካልክ፣ ከፓራሹቱ ጨርቅ ገና ብዙ ይቀራል፤ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። በራሴ ልክ እቆርጥና አጠገብህ አነጥፋለሁ።

አብዲሳ ሦስተኛውን ጥሩምባ ነፋ። እስከ ቅዳሜ ቀጥ ብለህ ጠብቀኝ።

ልጅህ ራሄል