ሃምሳ ስልሳ

ጀምበሬ፣

በመጀመሪያው አውቶቡስ አጣዬ ሄጃለሁ። ለኮምፒዩተሩ የተዋስነውን ቴሌቪዥን ለቀበሌው መልስ፤ እሱ እንኳ ቁጥር የለበትም፣ አትሳሳትም።

ትናንት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያደረግኸው እስካሁን አልተዋጠልኝም። የጻፍኩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሰዎችን ዕድሜ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ አንድ ዘንግ ይስላል፤ ከዚያ ዘንጎቹ በሰው ፊት ቦታ እየተለዋወጡ ከአጭር ወደ ረጅም ይሰለፋሉ። ያንተ ሥራ የሰማኸውን ቁጥር መምታት ብቻ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ጋሽ አለባቸው «ሃምሳ ስልሳ ይሆነኛል» ሲሉ፣ ሳትጠይቅ ሁለቱንም አከታትለህ መታህ፦ 5060። ዘንጉ ከቴሌቪዥኑ መስኮት አልፎ ወጣ፣ ፕሮግራሙም ቀጥ አለ። ከአውራጃው የመጣው ጓድ «ማቱሳላን ነው እንዴ የጋበዛችሁት?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ፤ የኮምፒዩተር ትምህርቱም እንዲቀር አዘዘ።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ «አንድ ሁለት ፍሬ ስጠው» ቢልህ ለበሽተኛው አሥራ ሁለት ኪኒን ትቆጥርለታለህ?

ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ እላለሁ። እዚያ ዕድሜውን የተጠየቀ ሰው አንድ ቁጥር ይናገራል። አባቴ ግን ሁልጊዜ ሁለት ይጠራ ነበር፤ ፕሮግራሙን ስጽፍ ረሳሁት። ከመቶ ሃያ በላይ ሲመታ «እንደገና ጠይቅ» የሚል መስመር ማስገባት የኔ ሥራ ነበር። ዛሬ ጠዋት አስገባሁት። የሄድኩትም ሌላ ቀን እንዲሰጡን የአውራጃውን ሰዎች ልለምን ነው።

በሰው ሁሉ ፊት «መሃይም» ያልኩህን…

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀው። ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ኮምፒዩተሩ ቁልፎች ፊት የምትቀመጠው አንተ ነህ።

አስፋው