ስሟን በሚገባ ስለደበቃችሁልን

ለተከበሩ የዘረ-መል ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ ናሙና ማቀዝቀዣዎ ሳይዋዥቅ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በመዝገብ ክፍልዎ መስኮት ፊት ተሰልፌ ሳለ፣ አንዷ ሠራተኛ ለባልደረባዋ «እዚህ እኮ ሰው የለም፣ ያለው ቁጥር ብቻ ነው» ስትላት ሰማሁ። አመንኳት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የቁጥር 0417 ታላቅ ወንድም ሆኜ ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለምርምር ብላ ደሟን የሰጠችውን የልብስ ሰፊዋን እህቴን ስም ከመዝገብ ስለፋቃችሁልን። በደሟ ውስጥ ልብን በድንገት የሚያቆም፣ ቀድሞ ከታወቀ ግን በመድኃኒት የሚያዝ የዘር ችግር አግኝታችሁ፣ ለሩቅም ለቅርብም ተመራማሪ ስታካፍሉ፣ ከእሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ምስጢሯን ጠብቃችሁላታል። ባለፈው ወር ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ቀረች።

ሁለተኛ፣ ከቀብሯ በኋላ እጄ የገባው መጽሔታችሁ ስሟን በጨዋነት አልጠቀሰም። የሚለው «የሃምሳ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ግራ ቅንድቧ ከልጅነቷ ነጭ የሆነ፣ የአንዲት ሴት ልጅ እናት» ብቻ ነው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ «ውይ! እትዬ ቅንድቦ ናት እኮ!» አለ።

ሦስተኛ፣ ልጇ የእናቷን ችግር ወርሳ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሟ ውጤቱን ቢጠይቃችሁ፣ የናሙናዋ ባለቤት በአካል ቀርባ ካልፈረመች እንደማይሰጥ በማኅተም አስታውቃችኋል። ጥሪውን የምናደርስበትን መንገድ እያፈላለግን ነው። እስከዚያው ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ የልቧን ምት ታዳምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

አራተኛውን ልተወው። ልመናዬ አንድ ነው፤ የ0417ን ውጤት ለልጅቷ ሐኪም ስጡልን። ቁጥር ለቁጥር ቢነጋገር ማንም የሚታማ አይመስለኝም።

ለምስጢር ጠባቂነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
እስካሁን ስሜ ያልተፋቀልኝ፣ የልብስ ሰፊዋ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተቋምዎ እህቴ ከፈረመችው ውጭ አንዲት እርምጃ እንዳልሄደ ለፍትሕ ስል ልመስክር። የስምምነቱን ቅጽ ቅጂ ትናንት ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። «ለጤናዎ የሚያሰጋ ነገር ቢገኝ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?» ከሚለው ሥር «አልፈልግም» ላይ ምልክት ተደርጓል። በፈረመችበት ቀን እህቴ መነጽሯን ቤት ረስታ ነበር። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ።