እህቴን ዋጣት ስለተባለው ዋሻ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

በአካባቢያችን የቅርስና የጎብኚዎችን ጉዳይ ለሚመሩት፣ ስማቸውንም የመሥሪያ ቤታቸውንም ስም በይሉኝታ ለማልጠራቸው የተከበሩ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

በወላይትኛችን ሳሮ ነዎት፣ ደህና ነዎት? ቤተሰብዎስ ሳሮ ነው? የነሐሴ ጭቃ መኪናዎን እንዳያስቸግረው፣ ጉንፋኑም ደጅዎን ዘሎ እንዲያልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እልፍነሽ ዳልቻ እባላለሁ፤ እዚሁ ሶዶ ለሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የታመመው የቢሮዎን ደረጃ ስመላለስ ስለሆነ የእርስዎ መታሰቢያ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ያደረግሁት ለብቻዎ የጻፍኳቸው አምስቱ እጅዎ ስላልገቡ ነው። የአሁኑ ምክንያቴ ባለፈው ሐምሌ ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ባለው ዋሻ በር ላይ ያስተከሉት አዲስ ሰሌዳ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የሙሽራዋ ዋሻ። መጨረሻው ያልታወቀ፣ ባሏን ያልታዘዘችን ሴት የሚውጥ። በ2003 ዓ.ም. የዋጣትን ሴት በ2017 ዓ.ም. መልሷል።»

ዋጣት፣ መለሳት የተባለችው ሴት ስም አላት፤ የትምወርቅ ዳልቻ። ታናሽ እህቴ ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍን፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ የነበረች፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ በድሉ የሚባል የግንብ ሠራተኛ ያገባች ሴት። በመስከረም 2003 ሶዶ ድረስ መጥታ፣ «እልፌ፣ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ብል በድሉ ደብተሬን እሳት ውስጥ ከተተው» አለችኝ። የእጇ አንጓ አብጦ ነበር። እኔም፣ ስንቱን ተማሪ የመከርኩት፣ «ትንሽ ታገሺ፣ ይበርድለታል» ብዬ መለስኳት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ በፊት የምከሰው ሰው እንዳለ ይወቁልኝ፤ በየማለዳው መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ጠፋች። በድሉ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ከዓርብ ጀምሮ አረካ ለግንባታ ሥራ ሄዶ እዚያው ማደሩን፣ እሑድ ጠዋት ሲመለስ ቤቱን ባዶ ማግኘቱን ተናገረ። «ቅዳሜ ከዋሻው ከበሮ ተሰምቷል፤ ዋሻው ጠርቷት ነው» የሚለውንም መጀመሪያ ያወራው እሱ ነው። ከበሮውን ሰማሁ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም፤ ከበሮ ተሰማ ሲባል የሰማ ግን መንደሩ ሙሉ ነበር። ፖሊስም አንድ ገጽ ጽፎ ዘጋው።

አሁን አቤቱታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማይቀበል ተምሬአለሁና።

አንደኛ። መጨረሻው ያልታወቀ ያሉት ዋሻ መጨረሻ አለው። ያን ጊዜውኑ ባትሪ ይዤ ገብቼ ለክቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከዚያ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ሥር የፍየል በጠጥ አለ። አባታችን የነገረን ተረትም የእርስዎ ዓይነት አልነበረም። በእሱ ተረት ሙሽራይቱ የማትወደውን ሰው ሸሽታ ዋሻው ውስጥ ሦስት ቀን ተደበቀች፤ ፈላጊዎቿ ሲሰለቹ ወጥታ ወደ ሌላ አገር ሄደች፣ እዚያም ወልዳ ከበደች። ያመለጠችውን ሴት የተበላች ያደረጓት ባለሙያዎችዎ ስለሆኑ ለፈጠራ ችሎታቸው ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ። ከሦስት ዓመት በፊት ቦታውን ለጎብኚ ሲከፍቱ በድሉን አስጎብኚ አድርገው ስለቀጠሩት አመሰግናለሁ። የደንብ ልብስ፣ ባርኔጣና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሰጥተውታል። እህቴን ካጡት ሁሉ ከእርስዎ ዘንድ አንድ ነገር ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት መስከረም፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከጎብኚዎች ጋር ገባሁ። በድሉ አላወቀኝም። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና፣ «ያቺ ሙሽራ ሌላ አይደለችም፤ የኔው ሚስት ናት። እዚህ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሜ በዓይኔ አየኋት። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ዞር ሳትል ገባች» አለ። ከጎኔ የነበረች ልጅ አለቀሰች። እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሹራቡን የገዛሁት እኔ ነኝ። ለእህቴ ጎረቤት ለእትዬ ማሚቱ ሰጥቼ የላክሁት ሰውየው አረካ ነበርኩ ባለበት በዚያው ቅዳሜ ነው። ይድረሳት አይድረሳት እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ከዋሻው ወርጄ በቀጥታ እትዬ ማሚቱ ቤት ሄድኩ።

«ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደርሼ ራሴ አለበስኳት» አሉኝ። «እስከ አንገቷ ቆለፍኩላት። ሳቀች።»

«ለምን ለፖሊስ አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «በዚያው ሳምንት የቆጮ ማብላያውን ጉድጓድ በአፈር ሞላው። ‹ሚስቴ ከሌለች ማን እንሰት ይፍቃል› አለኝ። በላዩም እንሰት ተከለበት» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንን እንሰት በአጥር ቀዳዳ ሲያዩት ኖረዋል።

ሦስተኛ። ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዋሻው ሄጄ የበድሉን ንግግር በስልኬ ቀድቼው ነበር። ጸሐፊዎ አዳምጦ፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ አፈ ታሪክ ነው፤ አፈ ታሪክ ደግሞ ምስክር አይሆንም» ሲል በትሕትና አሰናበተኝ። ፖሊስ ጣቢያ ያገኘኋት ዋና ሳጅን ረድኤት የምትባል መርማሪ ግን ቀረጻውን ሁለቴ ሰማች፣ የድሮውንም ገጽ ከመዝገብ ቤት አስወጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። «አንዱ ውሸት ነው፤ ሁለቱም ግን የሱ ቃል ነው» አለች። ከዋሻው ሥር ያለውን የበድሉን ጓሮ ለማስቆፈር ስትጠይቅ የከለከሏት እርስዎ ነዎት፤ ቦታው የቅርስ ክልል ስለሆነ ቁፋሮ ጉዳት ያደርሳል ብለው። አራት ወር። በዚያው አራት ወር ከጓሮው ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ለጎብኚዎች መጸዳጃ ቤት ማስቆፈርዎን ስመለከት ለቅርስ ያለዎት ጥንቃቄ እንባዬን አመጣው።

በመጋቢት ፍርድ ቤቱ ፈቀደ። ቆፋሪዎቹ እንሰቱን ነቅለው ጥቂት እንደ ወረዱ አንደኛው አካፋውን ጥሎ ወጣ። እኔን አላስጠጉኝም። ሳጅን ረድኤት ግን መጥታ እጄን ያዘችና፣ «መምህርት፣ የሹራቡ ቁልፎች እንዳሉ ናቸው» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም። በድሉ በዚያው ቀን ከነደንብ ልብሱ ተያዘ፤ ጉዳዩ በችሎት ላይ ነውና ፍርዱን ለዳኞች እተዋለሁ። አጽሟ አዲስ አበባ ተመርምሮ ሲመለስ በሰኔ አባታችን አጠገብ ቀበርናት። እትዬ ማሚቱ መቃብሩ አፋፍ ላይ ተቀምጠው በወላይትኛ አለቀሱላት፤ እኔ አማርኛም ወላይትኛም ጠፍቶብኝ አፈሩን በእጄ መለስኩባት።

አራተኛ። ወደ ድንኳናችን ስለላኳቸው ሁለት ሰዎች። አፈሩ ገና እጄ ላይ እያለ፣ «የጊፋታ እንግዶች እየተዘጋጁ ነው፤ ነገሩን በራዲዮ ባታወሩት፤ የቦታውም ስም አለ» አሉኝ። ምሳ አቅርበን ሸኘናቸው። ለቦታው ስም እንዲህ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ለእህቴ ስም ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ያጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በሐምሌ ሄጄ ሳየው ግን «መልሷል» የሚለውን አነበብኩ። ዋሻው ምንም አልመለሰም፣ ክቡር ሆይ። የመለሷት አንዲት መርማሪ፣ አንዲት አሮጊትና አራት አካፋ ናቸው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ሰሌዳውን ያንሱት። ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራን ተማሪዎችን ለጉብኝት ይዘው ይወጣሉ፤ እኔም ስወጣ ኖሬአለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ እዚያ ቆማ ያልታዘዘች ሴት እንደምትዋጥ በመንግሥት ገንዘብ በተሠራ ቆርቆሮ ላይ ታነባለች። አንድ ቀን አንጓዋ ሲያብጥ ያ ቆርቆሮ ትዝ ይላታል፣ ዝምም ትላለች። ምን አስባ ዝም እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ነበርኩ ታገሺ ያልኩት።

ላደረጉልኝ፣ ላላደረጉልኝና ሌሎች ሊያደርጉልኝ ሲሉ ለከለከሉት ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ይመችዎ እንዲል ሰው፣ ለእርስዎም ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በደረጃዎ ሥር እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የቢሮዎ የዘወትር ባለጉዳይ፣
እልፍነሽ ዳልቻ
የየትምወርቅ ዳልቻ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቀብሩ ወዲህ ሦስት ሴቶች ቤቴ መጥተዋል። አንዷ ከቢጠና ናት፤ እህቷን ወንዝ ወሰዳት ተብላለች። ሁለተኛዋ ልጇን ጅብ በላት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እናቷ ዓረብ አገር ሄደች ተብለው ነው የኖሩት። ማመልከቻ አጻጻፍ ስለማያውቁ በየቅዳሜው እያስተማርኳቸው ነው። ጎበዞች ናቸው፤ ቀንና ቁጥር መጻፍ አይረሱም። ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ በር ላይ ያገኟቸዋልና፣ እንደ እኔ ጉልበታቸውን ሳይታመሙ ወንበር ቢያስቀርቡላቸው ደስ ይለኛል።