ጨርቁን ልኬልሃለሁ

ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ትናንት እሑድ ቢላ ከተማ፣ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰበክሁ።

ውድ ጨመዳ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ታገኛለህ። ያንተ ስለሆነ ልኬልሃለሁ።

ና ብለህ የጠራኸኝ አንተ ነህ፤ ወንበርህ ግን ባዶውን ዋለ። ሽማግሌው ኦቦ ፉፋ፣ ጨመዳ ለክስ ጉዳይ ነቀምት ሄዷል አሉኝ። እሑድ ችሎት የሚቀመጥ ዳኛ የለም። ቢሆንም አልተከራከርኋቸውም።

ያቺን ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደለቀቅሁ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ የቁርባኑን ጽዋ ስይዝ ሰው መቅረብ ተወ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሆዳችንን አመመን አሉ። ቀጥሎ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ቀሩ። የቀጥቃጭ ልጅ የነካውን አንጠጣም ብሎ በአፉ የተናገረ ግን የለም። አባቴ በቀጠቀጠው ማረሻ የማያርስም ከመካከላቸው አልነበረም። በመጨረሻ ለአገልግሎቱ ይበጃል ተብሎ ወደ አኖ ቤተ ክርስቲያን ተዛወርሁ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አንተ ነበርህ። ያኔ አልተቀየምሁህም፤ በዝተውበት አሸንፈውት ነው ብዬ ነበር።

እንዲህ ያልሁት በዚያ ቅጠል ምክንያት ነው። ነቀምት ሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረን ስንማር ለበዓል ቤታችሁ ወሰድኸኝ። እናትህ ላንተ በሳህን፣ ለእኔ በኮባ ቅጠል አቀረቡ። ቅጠል ይጣላል፣ ሳህን አይጣልም። አንተ ሳህንህን ቅጠሌ ላይ ገልብጠህ ከእኔ ጋር በላህ። እናትህ ተነሥተው ከቤት ወጡ። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም። እኔ ግን በሄድሁበት ሁሉ ይዤው ዞርሁ፤ ክርስትና ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው እሱን ነበር።

ነገሩ ተለውጧል፣ ና ብለህ ስትጽፍልኝም ያመንሁህ ለዚሁ ነው።

ጠዋት ስደርስ የአባቴ እህት አዳዳ ድርቤና ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ድሮው ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። አዳዳ ድርቤ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ዛሬስ ከውስጥ ነህ ከውጭ? ቦታ ልያዝልህ?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እንደ ደንቡ በአማርኛ ሰበክሁ፤ መምህሩ ወደ ኦሮምኛ ተረጎመው። ሰዉ ግን እሱን ሳይጠብቅ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስጨርስ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም።

ከዚያ ኦቦ ፉፋ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠሩኝ። ኅብስቱን አስቀድመው አውጥተውታል፤ የቀረው ጽዋው ነው። ይህን ጨርቅ ዘረጉልኝ። ጽዋውን በእሱ ይዤ እንዳወጣ፣ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ለእሳቸው እንዳቀብል፣ የሚያጠጡትም እሳቸው እንደሆኑ በትሕትና አስረዱኝ። ጭራሽ ሳትይዘው እንዳትሄድ ብለን ነው አሉ።

«ይህ የማን ሐሳብ ነው?» አልኋቸው።

«የጨመዳ ነዋ» አሉ። «እሱ ባይለምን መስበኩስ መቼ ይፈቀድልህ ነበር? ጨርቁንም ከቤቱ ያመጣው እሱ ነው።»

ሌላ ሰው አስቦት ቢሆን ምናልባት ይዤው እወጣ ነበር። ስለ ሰላም ብዬ ብዙ ነገር ውጫለሁ። ሳህኑን ቅጠል ላይ የገለበጠ ሰው ያመጣውን ጨርቅ ግን አልይዝም። ከእንግዲህ ብትጠራኝ ከነእጄ ጥራኝ። ያለዚያ አኖ ይበቃኛል፤ እዚያ ጽዋውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ጨርቁን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። ኦቦ ፉፋ ቀድመውኝ ወጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ጽዋውን ያለ ጨርቅ፣ በባዶ እጄ ይዤ ብቅ አልሁ። ኦቦ ፉፋ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አለፍኋቸው።

«ነመራ» አሉ ከኋላዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠረጴዛው ወዲህ ነው።»

«አውቃለሁ» አልሁ።

በሩን በክርኔ ገፋሁት። ማጠፊያው የአባቴ ሥራ ነው፤ ድምፅ አላሰማም። ውጭ አዳዳ ድርቤ ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ይዘውልኝ ነበር።

የቀጥቃጩ የተረፋ ልጅ፣
ቄስ ነመራ