በእህቴ በር ላይ ሦስት ጊዜ ስለተነበበው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በጽሕፈት ቤታችሁ ደጃፍ ሣር ላይ የሚንጎራደዱት ሁለት ዝይዎችም ሙሉ ጤና ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዶሮዎቼ የሉም፣ የእህቴ ልጅ የለችም፣ እህቴ አለች ግን አታናግረኝም፤ ከዚህ በቀር ሁሉም እንደነበረ ነው።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ በመዝገባችሁ ናሙና ቁጥር ሠላሳ የተወሰደበት ግቢ ባለቤት ነኝ። የምተዳደረው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎችን በመጥረግ ነው። ራሴ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ቀሪውን የተማርኩት ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው። ተማሪ የቀደደውን፣ መምህር የጣለውን ወረቀት ሳላነብ ወደ ማቃጠያው አልወስድም። እንግዲህ በደብዳቤዬ የጎደለ እውቀት ካገኙ፣ ያ ገጽ ገና አልተጣለም ማለት ነው።

የዛሬ ሰባት ወር ከእናንተው የዶሮ ብዜት ማዕከል አሥራ ሁለት ቄብ ዶሮዎች ወሰድኩ። ክብ ማኅተም ያረፈበት የጤና ማረጋገጫም ተሰጠኝ፤ እስካሁን በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰባቱ ሞተው አገኘኋቸው፤ የቀሩት አምስቱም ብዙ አልቆዩም።

የእህቴ ልጅ፣ ሁላችንም ጮሌ የምንላት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘወትር ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት በእኔ ግቢ በኩል ዞራ ጥሬ ትበትንላቸዋለች። ያን ቀን እኔ ጓንት ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ስመለስ የሞቱትን በሙሉ በባዶ እጇ ለቅማ፣ ጆንያ ውስጥ ከታ፣ አፉን አስራ ጨርሳለች። «አክስቴ፣ አንቺ ጓንት እስክታመጪ ሥራ ይጠብቃል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ብቻ ነው የቆየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

በተቀበረች በአራተኛው ቀን ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት መኪናችሁ ወደ ሰፈራችን መጣ። የወፍ ጉንፋኑ የተነሳው ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ካለው ግቢ፣ ጤናቸው ሳይረጋገጥ ከገበያ ከተገዙ ዶሮዎች መሆኑን፣ ወደ ብዜት ማዕከሉም የተዛመተው ከዚያው መሆኑን አነበበ። ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ያለው ግቢ አንድ ብቻ ነው፤ ስሜን ባለመጥራታችሁ ላደረጋችሁልኝ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ ተነበበ፣ ሦስቱንም ጊዜ መኪናው የቆመው እህቴ በር ላይ ነው። መንገዱ እዚያ ጋ ሰፋ ስለሚል ለማዞር ይመቻል።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። በሩን ከፍታ ወጣችና እኔን አየችኝ።

«ከመንግሥት ነው ያመጣኋቸው አላልሺኝም?» አለችኝ።

«ከመንግሥት ነው እትዬ። ማኅተሙ አለኝ፣ ላሳይሽ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መኪና ይዋሻል?» አለችና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ከአፏ አንድ ቃል አልሰማሁም። ስለዚህ ክቡርነትዎን ሳላሰለች ጉዳዮቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለሞተር ብስክሌቱ ባለሙያችሁ ከዶሮዬ ጉሮሮ በጥጥ የወሰደው ናሙና በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብቶ ቁጥር ሠላሳ ተባለ። የእናንተ ብዜት ማዕከል ናሙና ደግሞ ከተወሰደ ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ ደርሶ ቁጥር አርባ አራት ሆነ። እናንተም ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ የታመመ ነው ብላችሁ ደመደማችሁ። በዚህ አያያዝ እኔና እህቴም ብንቆጠር፣ መታወቂያ ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ታላቋ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣችሁ። ወደ ማዕከሉ ሄጄ የጠየቅኳቸው የበር ጥበቃ፣ አሁን ጡረታ ስለወጡ በምሳ ዕቃቸው እንደማይከሰሱ ተስፋ አለኝ፣ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ እህት፣ ያ የናሙና ሳጥን እኮ ፈራሚ አጥቶ ከምሳችን ጋር ፍሪጅ ውስጥ ከርሟል። ስንት ቀን ምሳ ዕቃዬን እላዩ ላይ ደርቤያለሁ መሰለሽ! ጫጩቶቹ እኮ መሞት የጀመሩት አንቺ ዶሮ ሳትወስጂ ነው።» ማኅተሙ ያለበት ወረቀት ላይ ፈራሚ አለመጥፋቱን፣ ሳጥኑ ላይ ግን መጥፋቱን ሳስብ፣ ፊርማ እንዲህ የምትቆጥቡበትን ጥበብ አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልግስናችሁ። ጽሕፈት ቤታችሁ በአንድ ፊት የታተሙ አሮጌ ወረቀቶችን ተማሪዎች በጀርባቸው እንዲሠሩበት ለትምህርት ቤታችን ይሰጣል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ክፍል ቅርጫት ውስጥ የተጨማደደ ገጽ አገኘሁ። ቅርንጫፍ የሚመስሉ መስመሮች ተዘርግተውበታል፣ በየጫፋቸውም ቁጥር አለ፤ ከቁጥሮቹ መካከል ሠላሳን አየሁ። ለሳይንስ መምህሩ ወስጄ አሳየሁት። የቫይረሶቹ የዘር ሐረግ ነው አለኝ። ቫይረስ ሲባዛ የራሱን ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ ይሳሳታል፣ ስህተቱም ከእሱ ለሚወጡት ሁሉ ይተላለፋል። «እንደ ኩረጃ ቁጠሪው» አለኝ። ኩረጃን ደግሞ እኔም አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተቀዳዶ ስጠርገው ኖሬያለሁ። የኮረጀ ተማሪ የሰጪውን ስህተት ከነራሱ ስህተት ይዞ ይገኛል። ሰጪው ግን የኮራጁን ስህተት አያውቀውም።

በገጻችሁ ላይ ከሐይቅ ዳክዬ ቀደም ሲል የተወሰደ አሮጌ ቫይረስ አለ። በማዕከላችሁ ናሙና ላይ ዳክዬው የሌሉት ሦስት ስህተቶች አሉ። በዶሮዬ ላይ እነዚያው ሦስቱ ከአንድ አዲስ ጋር አሉ። እንግዲህ የኮረጀችው የእኔ ዶሮ ናት። መምህሩ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ «በመሃል ያልተመረመረ ሌላ ዶሮ ሊኖር ይችላል፤ ከአንቺ ወደ እነሱ ሄደ ማለት ግን ያስቸግራል» ብሎኛል፤ እኔም ከዚያ አላልፍም። ገጹ የታተመው ከአምስት ወር በፊት ነው። በኅዳጉ ላይም በእናንተው ሰው እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ቁጥር 44 የተወሰደበት ቀን ይጣራ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመዋለሁ። ገጹን ተከትሎ ወደ ቅርጫት እንዳልተጣለም ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ በቁጥር ውስጥ የገባው ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው። በገጹ ላይ ከዶሮዬ ቅርንጫፍ የወጣ ሌላ አጭር መስመር አለ። ቁጥር ሠላሳ ሦስት ይላል፣ ከጎኑም «ሰው፣ ሴት፣ 19»። አራቱም ስህተቶች አሉባት፣ አንድ የራሷም ተጨምሮ። ከእሷ ቀጥሎ ምንም መስመር የለም። መምህሩ ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ «ይሄ እንኳን ጥሩ ነው፣ ከተመረመሩት ውስጥ ከእሷ የያዘው ሰው የለም ማለት ነው» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

ከእኔ ግቢ እንደያዛት ገጹም ይላል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህንን ሰርዛችሁ ስጡኝ ብዬ አልጠይቅም። ጓንት ፍለጋ የሄድኩበትን ሰዓት ማንም ጽሕፈት ቤት አይመልስልኝም። እህቴ ግን ልጇን በማጣቷ ላይ፣ ከርካሽ ገበያ የታመመ ዶሮ አምጥቼ በማኅተም ያታለልኳት መስሏታል። የምጠይቀው ይህኛው ብቻ እንዲነሳልኝ ነው።

ለዚሁ ጉዳይ ቢሯችሁ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ቅሬታ በጽሑፍ ነው» ተባልኩ፣ ጻፍኩ። በሁለተኛው «ደርሶናል፣ ይጠብቁ» ተባልኩ፣ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ መዝገብ አገላብጣ «የሞቱ ዶሮዎች ጉዳይ እኮ ተዘግቷል፣ እናቴ» አለችኝ። ገጹን ካገኘሁ ወዲህ አራተኛ ልመጣ አስቤ፣ ሥራ እንዳላስፈታችሁ ብዬ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም መስጠቱን መረጥኩ። ጋዜጣ ቢያንስ ዕንቁላል መጠቅለያ ሆኖም ቢሆን ሰው እጅ ይገባል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። እህቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤዋንም፣ የመድኃኒት ማዘዣዋንም፣ የልጇን የሆስፒታል ወረቀትም ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። አሁን የእኔ ንባብ አይታመንም። ያው መኪና፣ ያው ድምፅ ማጉያ፣ ከተቻለም ያው አንባቢ ተመልሶ ይምጣልኝ። ዶሮዎቹ የጽሕፈት ቤታችሁ ማኅተም ያረፈባቸው እንደነበሩ፣ በሽታውም ከእኔ ግቢ ወደ እናንተ እንዳልሄደ ያንብብ። ሦስት ጊዜ። የሚቆምበትን ቦታ ማሳየት አያስፈልገኝም፣ መንገዱ አሁንም እዚያው ጋ ነው የሚሰፋው።

ለሰጣችሁኝ ማረጋገጫ፣ ለፍጥነታችሁ፣ ለማቀዝቀዣችሁና ለወረቀታችሁ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ማኅተማችሁ ከቀለም፣ ማቀዝቀዣችሁም ከምሳ አይለይ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የናሙና ቁጥር ሠላሳ ባለቤት፣
የናሙና ቁጥር ሠላሳ ሦስት አክስት፣
የትምህርት ቤቱ ጠራጊ

ተጨማሪ፦ የገጹን የሁለቱንም ፊት ቅጂ ለጽሕፈት ቤታችሁ ልኬያለሁ። ጀርባውን እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የማካፈል ሒሳብ ሠርታበት ተሳስታለች። መምህሯ በቀይ ኤክስ አድርጎበታል። እሷም ዝቅ ብላ «እርማት» የሚል ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራ፣ ሒሳቡን እንደገና በትክክል ሠርታዋለች። ማን ይፈርም ብላ አልጠየቀችም። ይህችው ልጅ ዕድሜዋ ለሥራ እስኪደርስ መጠበቅ ካስፈለገን፣ እህቴ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እባክዎ ያስቡበት።